ኮምፒዩተሩ በሴፍ ሞድ ሲነሣ ነጋዴው ምን ያድርግ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ነጋዴ እንጅባራ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የዘንገናን ሐይቅ ከመንገዱ አጠገብ ያገኘዋል። ይህ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ለአገር ጎብኚ የዐይን ማረፊያ ሲሆን፣ ለነጋዴው ግን የአዊ ገበያ ደጃፍ መቃረቡን የሚያመለክት ምልክት ነው። በዚሁ መንገድ የአዊ ድንች፣ ገብስ፣ ማርና ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ወደ ታላላቆቹ ከተሞች ይሄዳል፤ በመልሱም ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ሳሙናና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ ሱቆች ይገባል።

የዚህ ሁሉ ልውውጥ ሒሳብ ቀድሞ በደብተር ይጻፍ ነበር። ዛሬ ግን የዱቤውን፣ የዕቃውንና የግብሩን ሒሳብ በኮምፒዩተር የሚይዘው ነጋዴ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ደብተር ቢረጥብ ወይም ቢቀደድ ጉዳቱ በዐይን ይታያል፤ ኮምፒዩተር ግን ምንም ሳይጎዳ የተጎዳ መስሎ ባለቤቱን ሊያስደነግጥ ይችላል። በድንጋጤ የሚደረግ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበሽታው ይልቅ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ለአስረጂ ያህል እንዲህ ያለ ሁኔታ ደረሰ እንበል። አንድ የእንጅባራ ጅምላ ነጋዴ በገበያ ቀን ጧት ሱቁን ከፍቶ ኮምፒዩተሩን ያበራል። መስኮቱ እንደ ወትሮው አያምርም፤ ጀርባው ጥቁር ነው፤ ጽሑፉ ተልቆና ተዛብቶ ይታያል፤ በአራቱም ማዕዘን ሴፍ ሞድ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰፍሯል። የሒሳብ መያዣውን ፒችትሪን ቢጠራው አልከፈትም ይላል። ደረሰኝ ላትም ቢል ማተሚያው ዝም ይላል። በአማርኛ ልጻፍ ቢል ፊደሉ አይመጣም። ነጋዴው ተጨንቆ ጠጋኝ ያስጠራል፤ የተጠራውም ሰው ሳይመረምር «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት መደረግ አለበት» ይላል። እኩለ ቀን ሲሆን ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ተጠርጎ ይመለሳል፤ ነገር ግን የሦስት ዓመት የዱቤ መዝገብ አብሮ ተጠርጓል። ማን ስንት እንደ ተበደረ የሚያስታውስ ማስረጃ የለም። ያን ጧት ግን ያስፈልግ የነበረው አንዲት የራይት ምልክት ማንሣት ብቻ ሊሆን ይችል ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዐላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ሴፍ ሞድ በሽታ አለመሆኑን፣ ከእርሱም መውጫው ቀላል መሆኑን፣ መዝገብ የሚያጠፋውን ሥራ ግን ከሁሉ በኋላ እንጂ በቅድሚያ መፈጸም እንደማይገባ ለነጋዴው ማስገንዘብ ነው።

ሴፍ ሞድ ምንድን ነው?

አዊ የፈረስ አገር ስለ ሆነ ነገሩን በፈረስ ማስረዳት ይቀላል። አንድ ፈረሰኛ በመንገድ ላይ ሳለ ፈረሱ ቢያነክስበት ጭኖ እየጋለበ አይቀጥልም። ወርዶ ኮርቻውን ያነሣለታል፤ በልጓሙ ይዞ በዝግታ ያስኬደዋል፤ ሰኮናውንም አንሥቶ ይመረምራል። ጠጠሩን ካወጣለት በኋላ መልሶ ይጭነውና መንገዱን ይቀጥላል። ፈረሱ ያለ ኮርቻ ስለ ታየ ሞቷል የሚል ሰው የለም።

ሴፍ ሞድም ለኮምፒዩተር እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ የተባለው የኮምፒዩተር ማንቀሳቀሻ በሴፍ ሞድ ሲነሣ ለመቆም ያህል የሚበቁትን መሠረታዊ ነገሮች ብቻ ይዞ ይነሣል። ከውጭ የተጫኑት ፕሮግራሞች በራሳቸው አይነሡም፤ ድራይቨር የሚባሉት ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያስማሙ ሶፍትዌሮችም አብዛኞቹ አይጫኑም። ይህ የተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጉዳት ያመጣው ከተጫኑት ነገሮች አንዱ የሆነ እንደሆነ፣ እርሱ ሳይነሣ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ለመመርመርና ለማረም እንዲቻል ነው። ይህ ዘዴ በ1995 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከወጣው ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራበት ነው።

ነጋዴውን የሚያስደነግጡት ምልክቶች ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው። ፒችትሪ፣ ኋላም ሴጅ 50 የተባለው፣ መዝገቡን የሚያወጣለት ሌላ አገልጋይ ፕሮግራም ከበስተጀርባ ካልተነሣለት አይከፈትም፤ ያ አገልጋይ ደግሞ በሴፍ ሞድ አይነሣም። ማተሚያው የሚታዘዝበት ክፍል እንዲሁ ተኝቷል። በተጨማሪ የተጫነ የአማርኛ መጻፊያም ሊነሣ አይችልም። ኢንተርኔቱም ቢሆን ከኔትዎርክ ጋር የሚነሣው የሴፍ ሞድ ዐይነት ካልተመረጠ በቀር አይሠራም። ከእነዚህ አንዱም መዝገቡ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሒሳቡ በነበረበት ስፍራ ተቀምጧል፤ የተኛው የሚከፍተው እጅ ነው።

ኮምፒዩተሩ ወደዚያ እንዴት ገባ?

አንደኛው ምክንያት የሰው ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተሩን ቀደም ሲል የጠገነ ሰው ለምርመራ ሲል በሴፍ ሞድ እንዲነሣ አዝዞት፣ ሥራውን ሲጨርስ ትእዛዙን ሳያነሣ የሄደ እንደሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ስንት ጊዜ ቢጠፋና ቢበራ ተመልሶ በዚያው ይነሣል።

ሁለተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። እስከ ጥር 2012 ዓ.ም. ድረስ ከሠሪው ድጋፍ ያገኝ የነበረው ዊንዶውስ 7 ዛሬም በአንዳንድ ሱቅ ይገኛል። ይህ ዐይነቱ ኮምፒዩተር መብራት ድንገት ሄዶበት እንደ ገና ሲበራ ጥቁር ገጽ አውጥቶ በሴፍ ሞድ ልነሣ ወይስ በመደበኛው ብሎ ይጠይቃል። ሠራተኛው ሳያነብ የላይኛውን መስመር ከመረጠ በሴፍ ሞድ ይገባል። ይህ ግን በትእዛዝ ያልጸና ስለ ሆነ ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት ይለቃል።

ሦስተኛው እውነተኛ ጉዳት ነው። አዲስ የተጫነ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ከዊንዶውስ ጋር ሳይስማማ ይቀርና ኮምፒዩተሩ በመደበኛው መንገድ መነሣት ያቅተዋል፤ ባለሙያውም አውቆ በሴፍ ሞድ ያስነሣዋል።

ለዚህኛው ዓለም ሁሉ ያየው ምሳሌ አለ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ የላከው አንድ ማሻሻያ ስሕተት ስለ ነበረበት፣ ማይክሮሶፍት በሰጠው ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ወደቁ። ይህ ቁጥር በዓለም ካሉት የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ በልዩ ልዩ አገሮች አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎችም ሥራቸው ተስተጓጐለ። መድኀኒቱ ምን ነበር? ባለሙያዎቹ በየኮምፒዩተሩ ፊት ቀርበው በሴፍ ሞድ አስነሡት፤ ስሕተት ያለበትን አንድ ፋይል ሰረዙ፤ ከዚያም በመደበኛው መንገድ አስነሡት። ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች በዚህ መንገድ መዝገባቸው ሳይነካ ወደ ሥራ ተመለሱ። በታላላቅ አየር መንገዶች የተሠራበት ብልኀት ለእንጅባራ ሱቅም ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉን ፎርማት እናድርግ ቢባል ኖሮ የጠፋው ሀብት ምን ያህል በሆነ ነበር!

ከመውጣት በፊት፤ መዝገቡን መገልበጥ

ኮምፒዩተሩ በሴፍ ሞድ ተከፍቶ ሳለ ባለሱቁ በቅድሚያ ሊያደርገው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መዝገቡን ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ ነው። ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሐርድ ዲስክ በሴፍ ሞድም ብዙ ጊዜ ይሠራል። የሒሳቡ ፕሮግራም ባይከፈትም መዝገቡ የተቀመጠበት ፎልደር እንዳለ ሊገለበጥ ይችላል። ፎልደሩ የት እንዳለ የማያውቅ ነጋዴ ፕሮግራሙን የጫነለትን ሰው አስቀድሞ ጠይቆ በወረቀት ጽፎ ቢያስቀምጥ መልካም ነው። ከሒሳቡ ጋር የደንበኞች ስም ዝርዝር፣ ውሎች፣ የጉምሩክና የባንክ ሰነዶች ቅጂም ይገልበጥ።

ይህ የጥንቃቄ ሥራ ለነጋዴው የራሱ ጥቅም ብቻ አይደለም። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ሰነዶቹን በሕግ ለተወሰነው ዘመን ጠብቆ እንዲያቆይ ያዝዛል። ኮምፒዩተሬ ፎርማት ሆነ የሚለው ቃል በሒሳብ መርማሪ ፊት የመዝገብን ቦታ አይተካም።

መውጫው

አንደኛ፤ ኮምፒዩተሩ በሥርዐት ሪስታርት ይደረግ። ወደ ሴፍ ሞድ የገባው በአንድ ጊዜ ምርጫ ብቻ ከሆነ ይኸው ይበቃዋል፤ በመደበኛው ገጽታው ይነሣል።

ሁለተኛ፤ ተመልሶ በሴፍ ሞድ የተነሣ እንደሆነ የጸና ትእዛዝ አለ ማለት ነው። በኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍና አር የተባለው ፊደል ባንድነት ይጫኑ። በምትወጣው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ኤምኤስኮንፊግ ተብሎ ይጻፍ፤ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹም በተራ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ ናቸው። ከዚያ ኢንተር የተባለው ቁልፍ ይመታ። በሚከፈተው መስኮት አናት ከተደረደሩት ርእሶች ሁለተኛው ቡት ይባላል፤ እርሱ ይመረጥ። ከታች ሴፍ ቡት ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ የራይት ምልክት ተደርጎ ይገኛል። ምልክቱ ይነሣ፤ ኦኬ ይባል፤ ሪስታርት ይደረግ። ከላይ በምሳሌው ያየነው ነጋዴ የሦስት ዓመት መዝገቡን ያጣው ይህችን ምልክት የሚያነሣለት ሰው አጥቶ ነው። በዚሁ መስኮት ውስጥ ያሉትን ሌሎች ምልክቶች ግን ትርጕማቸውን የማያውቅ ሰው ባይነካቸው ይሻላል።

ሦስተኛ፤ አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ በሴፍ ሞድ ተነሥቶ ባለቤቱን አላስገባም ይላል። ዘወትር የሚገባበት አጭር የቁጥር ምስጢር በሴፍ ሞድ ላይሠራ ስለሚችል፣ ሙሉው የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ጽፎ በቁልፍ ስፍራ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። የይለፍ ቃሉ የጠፋ እንደሆነም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ባለሙያው ከዊንዶውስ የጥገና ገጽ ላይ ሆኖ ቢሲዲኤዲት በተባለው ትእዛዝ ሴፍ ቡት የሚለውን መስመር ብቻ ለይቶ ሊሰርዝ ይችላል። ባለሱቁ ይህን ስም ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ጠጋኙን «አስቀድመህ ይህን ሞክረሃል?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችለዋልና።

አራተኛ፤ በዚህ ሥራ መካከል ኮምፒዩተሩ ቢትሎከር በሚል ስም የ48 አኀዝ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ዲስኩ በምስጢር የተቈለፈ መሆኑን የሚያሳይ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ሲከፈት በተመዘገበው የማይክሮሶፍት ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። በክራውድስትራይክ አደጋ ጊዜ የብዙ ድርጅቶችን ጥገና ያዘገየው ይህን ቁጥር መፈለግ ነበር። ደኅና ቀን ሳለ ቁጥሩን አትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አምስተኛ፤ ኮምፒዩተሩ ከሴፍ ሞድ ወጥቶ በመደበኛው መንገድ ሲነሣ እንደ ገና የሚወድቅ ከሆነ ጠጠሩ ከሰኮናው አልወጣም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ሴፍ ሞድ መመለስ ይገባል። በዊንዶውስ 10ና 11 ሺፍት የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ ሪስታርት ማለት የጥገናውን ገጽ ያመጣል፤ በእርሱም ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ የሚሉት በተራ ተመርጠው ሪስታርት ከተባለ በኋላ 4 ቁጥርን መጫን ሴፍ ሞድን ይከፍታል። ከዚያ በቅርብ ጊዜ የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ይታሰብ፤ አዲስ ማተሚያ ተገጥሟልን? አዲስ ፕሮግራም ተጭኗልን? ድራይቨር ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር በተባለው ክፍል ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። ይህ ካልተቻለ ሲስተም ሪስቶር የሚባለው ዘዴ የዊንዶውስን አቋም ችግሩ ከመድረሱ በፊት ወደ ነበረበት ቀን ይመልሳል። ይህንንም ከማድረግ በፊት መዝገቡ መገልበጡ ይረጋገጥ።

ስልክም እንዲሁ ነው

ኮምፒዩተር የሌለው ባለሱቅም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መቀበል የተለመደ ሆኗል። የአንድሮይድ ስልክም እንደ ኮምፒዩተሩ ሴፍ ሞድ አለው። ስልኩ በዚህ ሁኔታ ሲነሣ በገጹ ግርጌ ሴፍ ሞድ የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ባለቤቱ ራሱ አውርዶ የጫናቸው መተግበሪያዎች ሁሉ፣ የቴሌብሩና የባንኩ ሳይቀሩ፣ ሥራ ያቆማሉ። ባለሱቁ ገንዘቤ ጠፋ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ገንዘቡ ግን የሚገኘው በስልኩ ውስጥ ሳይሆን በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ስለ ሆነ አይጠፋም፤ ለጊዜውም *127# ደውሎ በቴሌብር ሊገለገል ይችላል።

መውጫው ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ነው። ተመልሶ በሴፍ ሞድ ከተነሣ የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ በአቧራ ወይም በስልኩ ልባስ ተይዞ ተጭኖ እንዳይሆን ይታይ፤ በብዙ ስልኮች ይህ ቁልፍ በሚበራበት ጊዜ መጫኑ ወደ ሴፍ ሞድ የሚያስገባ ትእዛዝ ነውና። ስልኩን እንደ አዲስ የሚያጠራውን ትእዛዝ ግን ማንም ሰው በችኮላ አይንካው።

ከጠጋኝ ጋር ስለሚደረግ ስምምነት

የጥገና ባለሙያን ማክበር ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹም የሰውን መዝገብ እንደ ራሳቸው የሚጠብቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥንቃቄው የባለንብረቱ ነው። ኮምፒዩተሩን ከማስረከቡ በፊት ነጋዴው ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፤ በሴፍ ሞድ እንዲነሣ የታዘዘ መሆን አለመሆኑ ታይቷልን? ሁለተኛ፤ መዝገቡ ተገልብጦ፣ ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ታይቷልን? ሦስተኛ፤ ፎርማት ከማድረግ በቀር ሌላ መንገድ ተሞክሯልን? ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ሳይገኝ ፎርማት እንዲደረግ መፍቀድ አይገባም። ፎርማት በእርግጥ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ፈረሱን ኮርቻ ሳያነሡ፣ ሰኮናውንም ሳያዩ የሚወስዱት እርምጃ መሆን የለበትም።

በመጨረሻም ስለ መደበኛው ቀን አንድ ቃል እንጨምር። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሠሪው መደበኛ ድጋፍ የተቋረጠበት ስለ ሆነ፣ በእርሱ የሚሠሩ ነጋዴዎች ጥንቃቄያቸውን ሊያጠብቁ ይገባል። መብራት በሚቋረጥበት ስፍራ ዩፒኤስ የሚባለውን የኃይል ማቆያ መግጠም ኮምፒዩተሩ ድንገት እንዳይጠፋ ይረዳል። ከሁሉ በላይ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ መዝገቡ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንዱ በሱቅ፣ ሌላው በቤት ይቀመጥ። አባቶች ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ቅጂው በእጁ ያለ ነጋዴ አንድ ጧት ጥቁሩ ገጽ ቢመጣበት አይደነግጥም፤ የራይት ምልክቷን አንሥቶ፣ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና አስነሥቶ፣ የመጀመሪያውን ደንበኛ ያስተናግዳል።